የቄሱ ቤት ጭስ ማውጫ

ስካርቮያ፣ ከጤና ጣቢያው አልጋ፣ ሐሙስ ጠዋት

ለምወድሽ የልጅ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ካለሽበት ድንጋያማ ደሴት ይድረስሽ። እንደምን ሰነበትሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ? ጆሮሽስ? በታፈነ ጆሮ ውኃ ውስጥ አይገባም ብዬሻለሁ፤ ይህንን ከነገርኩሽ እውነቶች ውስጥ ቁጠሪው፣ ብዙ ስላልሆኑ አይጠፋብሽም። እኔ ከዳሌዬ፣ ከጉልበቶቼ፣ ከግራ ጆሮዬና ከሦስት የፊት ጥርሶቼ በስተቀር ደህና ነኝ። የተረፈው አካሌ ናፍቆቱን ያቀርባል።

አሁን ይህን ቆመሽ የምታነቢ ከሆነ ተቀመጪ። የመጥለቂያ ልብሱን ለብሰሽ ከሆነ አውልቂው። አብሮሽ የሚጠልቀው ቬትለ አጠገብሽ ቆሞ «ውኃው ሊያርፍ ነው፣ እንፍጠን» እያለ ከሆነ ደግሞ «ዝም በል፣ የሽማግሌ ደብዳቤ እያነበብኩ ነው» በዪው። ደግ ልጅ ነው፣ ይታገሣል። ውኃው ነገም ያርፋል፤ ከነገ ወዲያም ያርፋል። ዛሬ ግን እንዳትገቢ። ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እግርሽን እንዳታረጥቢ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማክሰኞ ዕለት ትንባሆ ፍለጋ ወደ ጀልባ ቤቱ ወረድኩ፣ ነርሷ እንዳትሰማ። የመሳቢያው ቁልፍ ተፈንቅሎ አገኘሁት። የባሕር ምልክቶቼን የጻፍኩበት ጥቁሩ ደብተር የለም። በቦታው ያንቺ ብጣሽ ወረቀት፦ «አያቴ፣ ደብተሩን እኔ ነኝ የወሰድኩት። የሰጠመችውን መርከብ፣ ሆላንዳዊቷን፣ አንተ እስክትሞት ድረስ ካላሳየኸኝ ራሴ አገኛታለሁ። አትስጋ፣ ጭስ ማውጫውን አልረሳሁም።»

መጀመሪያ ሣቅሁ። ሌብነት በዘር ይወርዳል ማለት ነው ብዬ ኮራሁ እንጂ አልተቆጣሁም። ከዚያ የመጨረሻዋን ቃል ደግሜ አነበብኩና መረብ ላይ ተቀመጥኩ።

የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሽ ያስተማርኩሽን ታስታውሻለሽ። በአባቴ የማኬሬል ዓሣ ምልክቶች ነበር የጀመርነው። ባሕር ላይ መንገድ የለም፤ ሰው ቦታውን የሚያገኘው የብስ ላይ ያሉ ሁለት ነገሮችን አንዱን ካንዱ በላይ በማሰለፍ ነው፤ የእገሌ ጭስ ማውጫ ከእገሌ ድንጋይ በላይ ሲቆም፣ ያኔ መልሕቅህን ጣል። እዚህ ደሴት ላይ ግን ምልክቱን እንዳለ የሚጽፍ ሰው የለም። ደብተር ይሰረቃል። ስለዚህ ጭስ ማውጫው አንድ ቤት ወደ ምዕራብ ተገፍቶ ይጻፋል፤ የቤት ልጅ ሲያነበው አንድ ቤት ወደ ምሥራቅ ይመልሰዋል። «የተጻፈው ለሌባ ነው፣ እርማቱ ለልጅ ነው» ይል ነበር አባቴ። አንቺም በዚያው ሂሳብ ስንት ባልዲ ማኬሬል አወጣሽ።

እንግዲህ ጥቁሩ ደብተር ሃያ ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ «የቄሱ ቤት ጭስ ማውጫ ከነጩ ድንጋይ በላይ» የሚል አግኝተሻል። እንደ ጎበዝ ተማሪም አንድ ቤት ወደ ምሥራቅ ሄደሻል። ከቄሱ ቤት ቀጥሎ ያለው ትምህርት ቤቱ ነው። የትምህርት ቤቱን ጭስ ማውጫ ከነጩ ድንጋይ በላይ አሰልፈሽ ዛሬ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ውኃው በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ሲያርፍ፣ ልትጠልቂ ነው።

የኔ ልጅ፣ ደብተሩ እውነት ነው። አታርሚው። ሆላንዳዊቷ ያለችው በቄሱ ቤት ጭስ ማውጫ ነው። በትምህርት ቤቱ ጭስ ማውጫ ያለው ማሰሮው ነው።

ማሰሮውን አታውቂውም፤ ካርታው ላይ የዝንብ ኩስ የምታህል ነጥብ ናት። ከላይ ሲያዩት የባሕር ሣር የተኛበት ሜዳ ይመስላል። ውኃው ሲያርፍ ለሃያ ደቂቃ ያህል እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸጥ ይላል፣ ሰው ያምነዋል። ከዚያ የባሕሩ ፍሰት ሲዞር ያ ሁሉ ባሕር በአንድ ስንጥቅ ወደ ታች መፍሰስ ይጀምራል። ስድሳ ሜትር ይወርዳል። ዓሣ አጥማጆች ለመቶ ዓመት የጠፋባቸው መረብና የመንጠቆ ገመድ እዚያ ውስጥ ተጠላልፎ ቆሟል። ልብስሽ ውስጥ አየር ብትሞዪ፣ ክብደትሽን ብትጥዪ፣ እንደ ዓሣ ነባሪ ብትራገጪ አያወጣሽም። ይህን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም።

አሁን የምትዪውን እሰማለሁ። ከንፈርሽን ወደ ጎን አጣመሽ፣ «ሽማግሌው ደግሞ ጀመረ» እያልሽ ነው። «‹አታርሚው› ካለ አርሚው ማለቱ ነው፤ የመርከቧን የብር ሀብት ሊያስጥለኝ ነው።»

ልፈርድብሽ አልችልም። የጎደለችው ጣቴን የባሕር ተኩላ በላት ብዬሻለሁ፤ የበላት የመልሕቅ መጠምጠሚያው ነው፣ ያውም ሰክሬ። አቆስጣ የሚባሉት የባሕር እንስሳት እሑድ እሑድ ይጾማሉ ብዬሽ ሰንበት ትምህርት ቤት ሄደሽ ተናግረሻል፤ እናትሽ ለአንድ ወር አላናገረችኝም። ለአሥራ ስድስተኛ ልደትሽ የሰጠሁሽ የባሕር ወንበዴ ጩቤ የፖስታ ጀልባ ነጂዋ የዮሩን አባት ዓሣ መገንጠያ ነበር። ስዋሽ ኖሬአለሁ፤ አንቺም እየሣቅሽ አድገሻል። ዛሬ ያ ሁሉ ሣቅ ዞሮ ዕዳ ሆኖብኛል።

ሌላ በር ሁሉ አንኳኩቻለሁ። ከማክሰኞ ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ደወልኩልሽ። ስልክሽ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እንደሆነ አውቃለሁ። «ጀልባዋ የመብራት ማማውን ካለፈች በኋላ ስልክ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ሬዲዮ ዝም፤ የሚሰማሽ ሁሉ ይከተልሻል» ብሎ ያስተማረሽ ማን ሆነና።

ትናንት ማለዳ የነፍስ አድን ሬዲዮውን ጠራሁ። አንድ ትሑት ወጣት መለሰልኝ።

«የጠፋ ሰው አለ?» አለኝ።

«ገና ነው» አልኩት።

«ገና ማለት?»

«ሐሙስ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ትጠፋለች።»

ወረቀት ሲገልጥ ተሰማኝ። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ወደቡ ውስጥ ቆማለች ብለው የደወሉት እርስዎ ነዎት?»

እኔ ነኝ። ያኔ ስዊድኖቹ ጠላቂዎች ሆላንዳዊቷን ሊፈልጉ መጥተው ስለነበር ላባርራቸው ብዬ ነው። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ ስሜን በትሕትና መዘገበና ሰላም ዋሉ አለኝ።

ከዚያ ትንሿን ጀልባ ገፍቼ ወጣሁ። ሞተሯን ባለፈው ወር ልትጠግኚልኝ ፈታተሽ መደርደሪያ ላይ እንደ እሑድ ምሳ አሰናድተሽልኝ ሄደሻል፣ ስለዚህ ቀዘፍኩ። የዳሌዬን አጥንት፣ በጉብዝናዬ ከጥልቁ እየተጣደፍኩ ስወጣ ደሜ ውስጥ ያፈላሁት አረፋ እንደ ብል ጨርሶታል። ሁለት ሰዓት ቀዝፌ የወደቡን አፍ ገና ማለፌ ነበር። ማዕበሉ አሁንም ከባድ ነበር። ጀልባዋ ስታዘነብል ልቆም ሞከርኩ፤ አጥንቱ ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት፣ በቀኙ፣ በሚሰማው። ዮሩን የፖስታ ጀልባዋን ይዛ ስትመለስ አገኘችኝና ጎትታ አስገባችኝ። ጀልባው ወለል ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ለመንኳት።

«ዮሩን፣ ልጅቷ ልትሞት ነው» አልኳት።

«አቻምናም ጀርመኖቹ ጠላቂዎች ሲመጡ ፈንጂ አለ ብለህ ነበር» አለችኝ መሪውን እንደያዘች። «ባሕር ኃይል ሦስት ቀን ፈልጎ ያገኘው የኔን ባልዲ ነው።»

«ይሄኛው እውነት ነው።»

«ያኛውም እውነት ነበር። በሚስትህ መቃብር ምለህ ነበር።»

«አሁኑኑ አዙሪና ውሰጂኝ።»

«ዳሌህ ተሰብሮ? ደግሞ አንተን ስታይ መልሕቋን ነቅላ ትሸሻለች እንጂ አትጠብቅህም። ተዋት እስቲ። ብሯን አንተ ትበላታለህ? ከፈን ኪስ የለውም፣ ሽማግሌው።» ከዚያ ጃኬቷን አውልቃ ከራሴ ሥር አደረገችልኝ። ክፉ ሴት አይደለችም። ዛሬ ጠዋት ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር፤ «ደብዳቤ ከሆነ አደርሳለሁ፣ ሥራዬ ነው፤ ቃል ግን አላደርስልህም፣ ያንተ ቃል ያፈሳል» አለችኝ። ጀልባዋ አምስት ሰዓት ላይ ትነሳለች። እናንተ ወዳላችሁበት ወደ ድሮው የመርከብ መሪዎች ጎጆ ዳቦና ፖስታ ይዛ ሰባት ሰዓት ላይ ትደርሳለች። አሁን ሦስት ሰዓት አልፏል። በመስኮቱ ባሕሩ ይታየኛል፤ ወተት መስሏል። እስከ ትናንት ማዕበሉ ጠብቆልኝ ነበር። በሕይወቴ ማዕበል ብዙ ረግሜያለሁ፣ እንደዛሬው ጸጥታ ግን የረገምኩት የለም።

ነርሷ በየአሥር ደቂቃው ትመጣለች። የሕመምተኛ ጀልባው ከሰዓት በኋላ መጥቶ ወደ ከተማ ሆስፒታል ይወስደኛል። የሕመም ማስታገሻውን «እባክዎ ይዋጡት» ትለኛለች፤ «ፊደል ያጣምማል፣ በኋላ» እላታለሁ። ጽሑፌ ከተጣመመ ከሕመሙ ነው፣ ከመድኃኒቱ አይደለም።

እንዴት እንደማሳምንሽ ሌሊቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አለኝ። ለአርባ ዘጠኝ ዓመት ለማንም አልነገርኩትም፤ ለቄስም፣ ለዳኛም፣ ለአያትሽም። ነገረኛ ሽማግሌ ለጨዋታ ብሎ የማይፈጥረው ነገር መሆኑን ስትሰሚው ታውቂዋለሽ።

ጀልባ ቤቱ ግድግዳ ላይ ካለው ፎቶ ውስጥ ከኔ ጎን ቆሞ የሚሥቀውን ረጅሙን ሰው ታውቂዋለሽ። «ይሄ ማነው?» ስትዪኝ «የባሕር አውሬው የዋልረስ ዘመድ ነው» ያልኩሽ። ኤይለርት ይባላል። አብረን መጥለቅ የጀመርነው የአየር ሲሊንደር እዚህ ደሴት ላይ ሁለት ብቻ በነበረ ጊዜ ነው፤ አንዱ የኔ አንዱ የሱ። ስንት ጊዜ አየሬ አልቆ ከሱ አፍ ተቀብዬ ተንፍሻለሁ። ሁለት ሕግ ነበረን፦ ብቻውን የሚጠልቅ የለም፤ አንዱ ያገኘውን ሁለቱም አገኙት። ሲያስብ እርሳሱን ከግራ ጆሮው ኋላ ይሰካ ነበር። አንቺም ትሰኪያለሽ። ከማን እንደተማርሽው ጠይቄሽ አላውቅም።

በዚያን ዓመት በግንቦት ኤይለርት ከተማ ወርዶ የወደብ ምሰሶ በውኃ ውስጥ ሲበይድ፣ እኔ ብቻዬን ጠለቅሁ። ሆላንዳዊቷን ያገኘኋት ያኔ ነው። ሦስት መድፍ በባሕር ሣር ተሸፍኖ፣ ከሥራቸው ብሩ እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጣብቆ። የመጀመሪያውን ሕግ ሰበርኩ። ሁለተኛውን የሰበርኩት በማግስቱ ነው፦ ለማንም አልተናገርኩም፣ አንዷን የብር ሳንቲም ብቻ አጥቤ አጸዳሁና ለሶልፍሪ ሰጠኋት።

አዎ፣ ለአያትሽ። ያኔ ግን የኤይለርት እጮኛ ነበረች። ዓሣ ማድረቂያው ላይ ትሠራ ነበር፤ ክንዷ እስከ ክርኗ በጨው ነጭ ሆኖ ስታገላብጥ ለማየት ብቻ ስንት ጊዜ የማያስፈልገኝን ዓሣ ገዝቻለሁ። «የድመት እርባታ ጀመርክ እንዴ?» ትለኝ ነበር። ብሯን በክር አድርጋ አንገቷ ላይ አሰረቻት፣ ያለ ክፉ ሐሳብ።

ኤይለርት ሲመለስ አንገቷ ላይ አያት። የኔን እጅ አወቀው። ጀልባ ቤቱ መጣ፣ እየሣቀ፣ እሱ ሁልጊዜ ይሥቃል። «አንተ ሌባ» አለኝ፣ «ለሙሽራዬ ብር ትሰጣለህ፣ ለኔ ምልክት ትነፍገኛለህ? በል ጻፍ። ሠርጌ በነሐሴ ነው፣ ድግሱን ሆላንዳዊቷ ታወጣለች።»

ጻፍኩለት። ወረቀትና ቀለም አውጥቼ እዚያው ፊቱ ጻፍኩለት፦ የቄሱ ቤት ጭስ ማውጫ ከነጩ ድንጋይ በላይ። እውነቱን ጻፍኩለት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍኩት እውነተኛ ምልክት እሱ ነው።

አነበበው። ከጆሮው ኋላ እርሳሱን አወረደ። «የቄሱ ቤት» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘና ከበላዩ «ትምህርት ቤቱ» ብሎ ጻፈ፣ እንደ ቤት ልጅ። ቀና ብሎ ጠቀሰኝ። ከዚያ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር ላይ ሰካው፤ ምልክት በወረቀት ወደ ባሕር አይወጣም፣ በጭንቅላት ነው።

እኔ ቡናዬን እየጠጣሁ ነበር። አፌን መክፈት ብቻ ይበቃኝ ነበር። «የለም፣ የዛሬው እውነት ነው» ማለት። ሲኒውን አስቀመጥኩ፣ አነሳሁ፣ ጠጣሁ። በሩን ከፍቶ ሲወጣ ፀሐይ ገባች።

አንድ በጋ ባዶ ቦታ ይልፋ፣ ነው ያልኩት። አንድ በጋ ይልፋ፣ ይሰላቸው፣ ሠርጉም ይራዘም። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አትጠይቂኝ።

ሦስተኛው ቀን ላይ አልተመለሰም። ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከማሰሮው፣ በአርባ ስምንት ሜትር ላይ፣ ከአሮጌ የመንጠቆ ገመድ ጋር ተተብትቦ። ዳሌዬን ያበላሸሁት የዚያን ቀን ነው፤ ሳላርፍ በአንድ ትንፋሽ ይዤው ስለወጣሁ። በጀብዱ ነው ብዬ ያወራሁልሽን እርሽው። ወደ ጀልባ ቤቱ ስመለስ ወረቀቱ ምስማሩ ላይ ነበር። ሰው ሳያየው ደረቴ ውስጥ ከተትኩት።

ምርመራው አንድ ቀን ነው የፈጀው። ጉም ነበር፣ ምልክቱን ሳተ ተባለ። ዳኛው ከመሐል አገር የመጣ፣ ዓሣን ከሣህን ላይ ብቻ የሚያውቅ ሰው ነበር። «በዚያ ቦታ ጉድጓድ እንዳለ ታውቅ ነበር?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። እንግዲህ ዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ግድግዳ ላይ ያለችውን ካርታ አይተሻታል፣ መረብ የሚጠፋባቸው ጉድጓዶች ሁሉ በትንንሽ ነጥብ የተለዩባት። ከጥጉ ላይ የተሣለበት ዓመትና የሣለው ሰው ስም አለ፤ ስሙን ታውቂዋለሽ። ከኤይለርት ሞት ሁለት ዓመት ይቀድማል። ዳኛው ካርታዋን አላያትም። አንቺ ስትመለሺ እያት።

ከአያትሽ ጋር በመስከረም ተጋባን። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አሥር ሰው አንሞላም ነበር። ቀሚሷን ሰፊዋ ሁለት ጊዜ አስፍታዋለች። ሰው ብዙ አወራ፤ ምስጋና ይግባውና፣ የሚያወራውን በኔ አሳበበው። «እሱ ቀደም ብሎ ነበር ማለት ነው» አሉ፤ እንዲሉ ተውኳቸው፣ እንደውም ጠቀስኳቸው። እናትሽ በጥር ተወለደች። ረጅም ልጅ ነበረች።

አያትሽ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችኝ። እናትሽ አሥር ዓመት ሞልቷት ነበር። ድንች እየላጠች ሳለ ቀና ሳትል፣ «ለኤይለርት ምን ነበር የጻፍክለት?» አለችኝ።

«እውነቱን» አልኳት። እውነት በመናገሬ የዳንኩ መስሎኝ ነበር።

ቢላዋዋ ቆመች። «ይሄንኑ ነበር የፈራሁት» አለችና መላጧን ቀጠለች። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ስድስት ዓመት አብረን ኖርን፤ ገበታ አልጎደለብኝም፣ ሸሚዜ ሳይተኮስ ቀርቶ አያውቅም። ደግማ ግን አላነሳችውም። ያቺን ብር ከአንገቷ መቼ እንዳወረደቻት አላውቅም፤ የት እንዳደረሰቻትም አላውቅም።

ጥቁሩን ደብተር የጀመርኩት ከኤይለርት በኋላ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ አንድም የተገፋ ጭስ ማውጫ የለበትም። በአፌ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ በእጄ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አልዋሸሁም። ይህንንም በእጄ ነው የምጽፍልሽ።

ቃሌ አልበቃሽ ካለ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሌላ ወረቀት አለ፤ በስስ ጨርቅ የጠቀለልኩት። ቀስ ብለሽ ክፈቺው፣ እጥፋቱ ላይ ተበጣጥሷል። በቀለም የተጻፈው የኔ እጅ ነው፤ ሃያ ሦስተኛው ገጽ አጠገብ አድርጊና አስተያዪው። በእርሳስ የተጻፈው የሱ ነው። «ትምህርት ቤቱ» የሚለውን ተመልከቺ፤ ዛሬ ጠዋት አንቺ በጭንቅላትሽ የጻፍሽው ነው። ወረቀቱን እንደጨረስሽ ለፈለግሽው ስጪው። ለፖሊስ፣ ለእናትሽ፣ ለዮሩን ጀልባ ምድጃ። አንቺ ዕወቂበት። ላስጥልሽ አልሞክርም።

መጥለቅ ካለብሽ፣ አውቃለሁ አለብሽ፣ በቄሱ ቤት ጭስ ማውጫ ጥለቂ። ሁለተኛው ምልክት፣ መስመሩን በጎን የሚቆርጠው የመብራት ማማው፣ እንደተጻፈው ነው። አሥራ ስምንት ሜትር ነው፣ ገራም ውኃ ነው፣ አቆስጣዎች ይመጡብሻል፣ አትፍሪያቸው። ከኤይለርት ወዲህ እጄን አላሳረፍኩባትም፤ እንደተኛች ናት። ቬትለ ከጎንሽ አይለይ። ሁለቱን ሕጎች እናንተ ጠብቋቸው።

ለሙዚየሙ ስታስመዘግቢ፣ የመጀመሪያ አግኚ ስም ይጠይቁሻል። ደብተሩ የሱ ነው ብለሽ የኔን እንዳትጽፊ። ኤይለርትን ጻፊ። ጸሐፊው መዝገብ ገልጦ፣ ይህ ሰው ሳያገባ የሞተ ነው፣ ወራሽ የለውም ይልሻል። አለው በዪው። እዚያው ፊቱ ቆመሽ አለው በዪው።

ዮሩን መጣች፣ ኮሪደሩ ላይ ጫማዋ ይሰማኛል። ነርሷ ደግሞ ክኒኑን ይዛ ቆማለች። አሁን እወስደዋለሁ።

ባሕሩ ይተውሽ። ንፋስ ከኋላሽ ይሁን። ከተናደድሽብኝ ደረቅ ሆነሽ ተናደጂብኝ፤ መጥተሽ ፊቴ ላይ የፈለግሽውን በዪ፤ ካልፈለግሽም አትምጪ፣ ሁለቱንም ለኔ በልክ የተሰፋ አድርጌ እቀበለዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ዮሩን ሰባት ሰዓት ላይ ደብዳቤውን ስትሰጥሽ፣ ስትፈርሚ እጅሽን እንድታይልኝ ነግሬያታለሁ። «ፈርማለች፣ እጇ ደረቅ ነው» ብላ እንድትደውልልኝ። ይሄንን ቃል እንኳ አደርሳለሁ ብላኛለች።

እግዚአብሔር ዕድሜሽን ከኔም፣ ከሱም አብልጦ ያርዝመው።

አያቴ ብለሽ የጠራሽኝ
ሽማግሌ